384 መጠይቅ፣ አንድ ባለጉዳይ

በስነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ምን ይማራል? የት ይለማመዳል? ሲጨርስስ ማን ይቀጥረዋል?

ሦስት ወንበር ፊት ለፊት ተገጣጥሟል። አንደኛው ላይ ባንክ የሚሠራ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ለዛሬ ባለጉዳዩ እሱ ነው። ከፊቱ ያለችው ነርስ አማካሪ ሆናለች። ሦስተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች። ነርሷ ጥያቄ ስትጠይቅ ጭረት፣ የሰማችውን በራሷ አባባል መልሳ ስትናገር ክብ፣ ምክር ስትሰጥ ደግሞ ኤክስ።

ባንከኛው ከአለቃው ጋር አለመስማማቱን፣ እንቅልፍ እንደራቀው፣ ቤት ሲገባ ልጆቹ ላይ መጮህ እንዳመጣ ያወራል። ታሪኩ የእውነት ይሁን የፈጠራ ማንም አይጠይቅም። ነርሷ ለጥቂት ደቂቃ «እህ… እሺ…» እያለች ቆየች። ከዚያ በላይ ግን አላስቻላትም። «ታዲያ ዝውውር ለምን አትጠይቅም? ማታ ማታ ደግሞ ቡናውን ተወው እንጂ!» መምህርቷ ሁለት ኤክስ አከታትላ አሰፈረች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አስተማሪውም ሳቁን መደበቅ አልቻለም። «በይ ድገሚው» አላት። «አሁን አምስት ደቂቃ ምንም ሳትመክሪው ቁጭ በይ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ሦስት ሦስት እየሆኑ መለማመድ ካውንስሊንግ በሚሰጥበት አገር ሁሉ የተለመደ ነው፤ ወንበር እየተቀያየሩ ሁሉም አማካሪም፣ ባለጉዳይም፣ ታዛቢም ይሆናሉ። እኛ ዘንድ ግን የአማካሪው ወንበር ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል። ሳይመክሩ መስማትን ማን አስለምዶን? ሐዘንተኛ ስናገኝ «በቃ ተይው፣ ፈጣሪን አታስቀይሚ» እንላለን። ታክሲ ውስጥ በስልክ ሲጨቃጨቅ የተሰማ ሰው ሳይወርድ ከኋላ ወንበር መፍትሔ ይደርሰዋል። ክፋት የለውም፤ መቆርቆራችንን የምንገልጽበት መንገድ ነው። ባለሙያ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ልማድ ልጓም ማስገባት ነው።

ሳይመክሩ የመስማት ሐሳብ የአሜሪካዊው የስነ ልቦና ባለሙያ የካርል ሮጀርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ካውንስሊንግን በሚመለከት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን የሚለውጠው የባለሙያው ብልኃትና ትእዛዝ ሳይሆን በትክክል መደመጡ ነው ብሎ ተከራከረ። በወረቀት ሲነበብ ቀላል ይመስላል።

«ስታትስቲክስ ይከብዳል ብለው ያስፈራሩኝ ነበር። ለካ የሚከብደው አፍ መያዙ ነው።» — የማታ ተማሪ

ፍሬሽማን ላይ የቀረው ሳይኮሎጂ

በቅርብ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ማለት ይቻላል ፍሬሽማን ላይ ጄነራል ሳይኮሎጂ ወስዷል። ከዚያ ኮርስ የፓቭሎቭ ውሻ፣ የፍሮይድ ስምና የማስሎው ፒራሚድ ይቀራሉ፤ ሌላው ከፈተናው ጋር ይሄዳል። የጎደለውን ቲክቶክ ሞልቶታል። ያኮረፈን ሁሉ «ቶክሲክ»፣ ፎቶ የሚያበዛ ሁሉ «ናርሲሲስት» ከሆነ ሰነባብቷል። ስለዚህ «ማስተርሴን በሳይኮሎጂ እየሠራሁ ነው» ያለ ሰው ከሁለት ጥያቄ አንዱ አይቀርለትም፤ «አሁን የማስበውን ታውቃለህ ማለት ነው?» ወይም «እብድ ልታክም ነው?»

ሁለቱም አይደለም። ተግባራዊ ስነ ልቦና ስለ ሰው ባሕርይ የተጠናውን ወስዶ አንድ የተወሰነ ችግር ላይ ማዋል ነው። ችግሩ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ፣ ሰላም ያጣ ትዳር፣ ሠራተኛ የማይበረክትበት መሥሪያ ቤት፣ ሱስ፣ ሐዘን ሊሆን ይችላል። የዘርፉ ስም እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ ካውንስሊንግ፣ ክሊኒካል፣ የማኅበራዊ፣ የእድገት፣ የጤና፣ የሥራና ድርጅት ስነ ልቦና እየተባለ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ኮርስ ሲወሰድበት፣ ሁለተኛው ተሲስ ሲሠራበት ያልቃል።

ሙያው የተወለደውም ከአንዲት ጠባብ ጥያቄ ነው። ላይትነር ዊትመር እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የስነ ልቦና ክሊኒክ ሲጀምር በሩን ያንኳኳችው የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ሌላው ትምህርት የሚሆንለት፣ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ግን ያቃተው ተማሪ ነበራት። እስከዚያ ድረስ ስነ ልቦና ማለት በአብዛኛው በላቦራቶሪ ውስጥ የስሜት ሕዋሳትን ፍጥነት መለካት ነበር። ዊትመር ይህ ሁሉ ልኬት አንድ ልጅ ፊደል እንዲያስተካክል ካልረዳ ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው ነበር። ልጁን ሲመረምር የዓይን ችግር እንዳለበትም ደረሰበት።

እኛ አገርም ስነ ልቦናን ያስገባው የመምህሩ በር ነው። የአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ተከፈተ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለረጅም ጊዜ ስነ ልቦና በትምህርት ፋኩልቲ ሥር ሆኖ፣ ዋና ሥራው መምህራን ማሠልጠን ነበር። የአእምሮ ሕክምናው ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥልጠናውን አገር ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ቆየት ብሎ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሉንና ማኅበረሰቡን ያጣመረ የአእምሮ ጤና ማስተርስ ከፈቱ።

እነዚህ ሁለት መንገዶች እስከ ዛሬ አልተገናኙም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጤናው ወገን የሚማረው ዋርድ ይመደብለታል፤ በሽተኛ ያያል፤ የሚጠይቀው ሐኪም አለ። ከትምህርቱ ወገን የሚማረው ግን ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ተጽፎለት የሚለማመድበትን ቦታ ራሱ ይፈልጋል።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ባለጉዳዩ በአማርኛ

የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሌክቸሩም፣ ፈተናውም፣ ተሲሱም እንግሊዝኛ ነው። ባለጉዳዩ ግን በሩን ከፍቶ የሚገባው «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ነው። ወይም «አካም ቡልተኒ» ብሎ።

የመጀመሪያው መሰናክል ገና ሰላምታ ላይ ይመጣል። ሠልጣኟ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ናት፤ የገቡት ሴትዮ ደግሞ እናቷ የሚሆኑ። «እርስዎ» ብትል ትክክል ነው፤ ግን ቢሮ ቢሮ ይላል። «እማማ» ብትል ይቀርባል፤ ግን ወዲያው ልጅና እናት ይሆናሉ፤ ልጅ ደግሞ እናቷን ስለ ትዳር አልጋ አትጠይቅም። ወጣት ወንድ ሲመጣም ቀላል አይደለም። «አንተ» ማለት ለአንዱ መቅረብ፣ ለሌላው መናቅ ነው። ብዙ ሠልጣኞች መጨረሻ ላይ የደረሱበት መላ ቀላል ነው፤ «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ መጠየቅ። ይህን የሚያስተምር ምዕራፍ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዲህ ያለ ጭንቅ የለበትም።

ከዚያ ጥያቄው ወደ አማካሪዋ ይዞራል። «አንቺስ ባል አለሽ? ወልደሻል?» መጽሐፉ ስለ ራስ አታውሩ ይላል። ሴትዮዋ ግን ሆዳቸውን ሊዘረግፉ ያሉት ለማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ መልስ መከልከል ንቀት ነው። በዚህ ጉዳይ አስተማሪዎችም አይስማሙም። ውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ አስተማሪ «ጥያቄው ከየት እንደመጣ ጠይቁ» ይላል። ጡረታ የቀረባቸው ሌላዋ በዚህ ይስቃሉ። «‹አልወለድኩም እማማ› በይና ወደ እሳቸው ተመለሺ። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ምኑ ነው የሚፈላሰፈው?» እኔ ለአስተማሪዋ አደላለሁ።

ሚስጥር መጠበቅም እንዲሁ ነው። ባለጉዳይ ብቻውን አይመጣም፤ እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት አጅበውት ይመጣሉ። ካመጡት በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ «ምን አለችሽ?» ይላሉ። የታክሲውን የከፈሉ፣ ሥራ ያስቀሩ፣ እውነተኛ ተጨናቂዎች ናቸው። «አልነግርሽም» ማለት እነሱን ማስቀየም፣ መንገር ደግሞ ባለጉዳዩን ዳግመኛ አለማግኘት ነው። ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ነገሩን መጀመሪያውኑ ሁሉም ባለበት ያነሡታል፤ ምን እንደሚነገር፣ ምን እንደማይነገር፣ ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ምን እንደሚደረግ። ስጦታውስ? ሦስተኛ ቀጠሮ ላይ በፌስታል የመጣ የአገር ቤት ቅቤ ይመለሳል?

ጸበል የሚጠመቁ ባለጉዳዮችም ብዙ ናቸው። እንጦጦ ሰንብተው የመጡ፣ ወይም ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወደዚያው የሚሄዱ። ጉዳዩን የሚያናንቅ ሠልጣኝ ባለጉዳዩን ያጣል። አንዲት ለዓመታት በአእምሮ ጤና ክፍል የሠራች ነርስ የምትጠይቀው «እዚያ ሲሆኑ ምን ይቀልዎታል?» ብላ ነው። መልሱ ብዙ ነገር ያወጣል። ጭንቅ የሚሆነው ባለጉዳዩ ጸበል ሲገባ የጀመረውን መድኃኒት ያቋረጠ እንደሆነ ነው። ማስተርስ የያዘ አማካሪ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምም፤ ሥራው ወደ ሐኪሙ መልሶ ማገናኘት ነው። ይህንን ድንበር ማወቅ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

ለምን ሁሌ 384?

የተሲስ መደርደሪያ ያገላበጠ ሰው አንድ ቁጥር ያሳድደዋል። የተጠኚዎቹ ብዛት 384። ሌላ ተሲስ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ርዕስ፤ አሁንም 384። ምሥጢር የለውም። ክሬጅሲና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ሠንጠረዥ የሕዝቡ ብዛት በጣም ሲጨምር የሚበቃው ናሙና እዚያ ቁጥር ላይ ይቆማል። የጤና ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ቀመርም ወደዚያው ይወስዳል፤ እነሱ መልስ ለማይሰጥ ሰው አሥር በመቶ ጨምረው 423 ያደርጉታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ ተማሪው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ቁጥሩ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ቁጥሩ ሥራውን ሁሉ ሲውጠው ነው። መጠይቅ ይባዛል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፤ የመጠይቁን አስተማማኝነት የሚለካው ክሮንባክ አልፋ ከ0.70 በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ይገባል፤ ሠንጠረዥ ይወጣል። በየካምፓሱ አጥር ዙሪያ ያሉ ምሰሶዎች ላይ «ፕሮፖዛል፣ ዳታ ትንተና፣ ተሲስ እናግዛለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ሰው ፊት መቀመጥን «እናግዛለን» የሚል ወረቀት ግን እስካሁን አልተለጠፈም።

መለኪያውም ራሱ ጣጣ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰው በስነ ልቦና ፈተና ለካ። ማንበብ ለማይችሉትና እንግሊዝኛ ለማያውቁት በሥዕል የተሠራ ፈተና ነበር፤ «ከሥዕሉ ምን ጎደለ?» ይላል። ከሥዕሎቹ አንዱ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ስደተኛ ገበሬ የጎደለውን ስላላወቀ አእምሮው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ታሪኩ በልኬት ኮርስ ላይ ሲነገር ተማሪው ይስቃል። ከወራት በኋላ ራሱ ከኢንተርኔት ያወረደውን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ ይበትናል።

በጥንቃቄ የተሠራ ምሳሌ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብሉ 20 ጥያቄዎች ያሉት ኤስ.አር.ኪው. የተባለ መጠይቅ በብዙ ድሃ አገሮች ይሠራበታል። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ለመመርመር ሲሞከር ግን መጠይቁ ብቻውን አልበቃም። ኢትዮጵያውያን ጭንቃቸውን በሚናገሩበት መንገድ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎች ተጨምረውበት ኤስ.አር.ኪው.-ኤፍ. የሚባለው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከታተመው ጥናት ጸሐፊዎች መካከል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሳይካትሪስት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል ይገኙበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ለተሲሱ አንድ ዓመት ነው ያለው።

ወረቀቱ ላይ ስም የለም

ድብርትን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ፒ.ኤች.ኪው.-9 ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሞላል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ወረቀት ላይ ንጹሕ ነገር ነው። መስክ ላይ «ምን ያህል ቀን?» ሲባል «ኧረ ልጄ፣ ያው ነው፤ ዛሬስ ምን ተለየ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ጠያቂው ከዚህ ውስጥ ቁጥር ማውጣት አለበት።

ዘጠነኛው ጥያቄ ሌላ ነው። በእነዚሁ ሁለት ሳምንታት መሞት ይሻለኛል ብለው ወይም ራስዎን ለመጉዳት ምን ያህል ጊዜ አሰቡ ይላል።

አንድ ተመራቂ የነገረኝን ልንገራችሁ። ተሲሱ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነበር። መጠይቁን ክፍል ውስጥ በትኖ፣ ሰብስቦ፣ አመስግኖ ወጣ። ዳታ ሲያስገባ ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ላይ ተከብቧል። እስክሪብቶው ጠንክሮ ወረቀቱን በስቶታል። ስም የለውም፤ ስም እንዳይጻፍ ያዘዘው የምርምር ሥነ ምግባሩ ነው፤ ራሱም በመግቢያው ላይ «ስምዎን አይጻፉ» ብሏል። ሦስት ብሎ ሞላውና ወደሚቀጥለው ወረቀት ሄደ። ተሲሱ ቬሪ ጉድ አገኘ።

ዲፌንሱ ላይ ይህን የጠየቀው አንድም ፈታኝ አልነበረም። መደረግ የነበረበት ግን ታውቆ ያለ ነገር ነው፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ያለበት መጠይቅ በጅምላ አይበተንም። አንድ በአንድ ይሞላል፣ እዚያው ይታያል፣ «አዎ» ያለ ሰው እዚያው ይጠየቃል፣ የሚላክበት ክሊኒክና የሚያነጋግረው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ይህ ሲደረግ 384 ሰው መድረስ አይቻልም። ምርጫው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈውም ቁጥሩ ነው።

«ዳታ ስንሰበስብ የሰበሰብነው ሰው መሆኑን የነገረን የለም።» — የካውንስሊንግ ተመራቂ

በሰዓት የሚቆጠር ትምህርት

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ተሲሱ ላይ ወራት ያጠፋል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ፈታኝ ይጠራለታል፤ ዲፌንሱ ቀን ቤተሰብ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ፕራክቲከሙ፣ ማለትም የመስክ ልምምዱ ግን፣ በብዙ ቦታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ መመለስ ነው። ዲግሪውን ተግባራዊ የሚያሰኘው የትኛው ነው?

አሜሪካ ውስጥ የካውንስሊንግ ማስተርስን የሚመዝነው አካል ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከም ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 40ው ባለጉዳይ ፊት የሚቀመጡበት ነው። ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፤ 240ው እንዲሁ ባለጉዳይ ጋር። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ ሱፐርቪዥን አለ። የእነሱን እንዳለ እንገልብጥ ማለቴ አይደለም። ሰዓቱ ተጽፎ መቀመጡ ግን ተማሪው የሚከራከርበት ነገር ይሰጠዋል።

ሱፐርቪዥን ሲባል ሪፖርት ማቅረብ የሚመስለው አለ። አይደለም። ባለጉዳይዋ ፈቅደው የተቀዳ ድምፅ አለ፤ ሠልጣኟና ሱፐርቫይዘሯ አብረው ያዳምጡታል። ሴትዮዋ ስለ ወገብ ሕመማቸው እያወሩ መሐል ላይ «ልጄ ካረፈ ወዲህ እንጀራ መጋገር ተውኩ» ይላሉ። ሠልጣኟ ቅጽ እየሞላች ስለነበር «እሺ፤ የትምህርት ደረጃዎስ?» ትላለች። ሱፐርቫይዘሯ አቆመችው። «እዚህ ጋ ምን ሰማሽ?» «ወገባቸውን እንደሚያማቸው።» መልሳ አጫወተችው። ሠልጣኟ በሁለተኛው ሰማችው፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዴት አድርገሽ ትመለሺበታለሽ?» ቀሪው ሰዓት በዚህች ጥያቄ አለቀ። ቅጹ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚሞላ፣ የልጁን ስም መጠየቅ ይቻል እንደሆነ። ይህን የሚተካ ሌክቸር አላውቅም።

ለምን አይስፋፋም ሲባል መልሱ ተደጋጋሚ ነው። ሱፐርቫይዘር የሚሆን ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም አሥራ ምናምን ተሲስ ይዟል። ድምፅ መቅዳት ያስፈራል። ቦታ የለም። አንድ ሠልጣኝ የተመደበበት ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ቢሮው ግማሹ የመማሪያ መጽሐፍ ተከምሮበት፣ ቁልፉም ንብረት ክፍል ጋ ነበር። ልጆቹ የሚላኩትም ሲያጠፉ ብቻ ነው። «ዩኒት ሊደሩ ቀበቶውን ጨርሶ ወደኔ ይልካቸዋል» ይላል። እንዲህ የመጣ ልጅ አማካሪን የሚያየው እንደ ሁለተኛ ዳኛ ነው።

አያቶች ከቻሉ ማስተርስ ለምን?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም። ዚምባብዌያዊው ሳይካትሪስት ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ፣ ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። አያቶቹ ችግር ይዞ የመጣን ሰው ደረጃ በደረጃ ያነጋግራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት አያቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት በግልጽ እንደተሻላቸው አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባለሙያ ያልሆነ ሰው በአምስት ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ፒ.ኤም.ፕላስ የተባለ መመሪያ አወጣ።

የእድር ሴቶች ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚይዙ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። ታዲያ ሁለት ዓመት ተምሮ መከራ ማየት ለምን?

አያቶቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ያሠለጠናቸው፣ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠሩት፣ መጠይቁን በሾና ቋንቋ አስተካክሎ የፈተነ፣ ውጤቱን የለካ ባለሙያ ከጀርባ ነበር። ማስተርስ የሚያስፈልገው ለዚህ ቦታ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በየመጠለያው የሚሠሩ ድርጅቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፤ በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ማኅበራዊ ድጋፍ ኦፊሰር የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የእርዳታ ድርጅቶች መመሪያ ድጋፉን አራት ደረጃ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከሥር ያለው ሰፊው ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት ነው፤ ቀጥሎ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፤ ቀጥሎ በሠለጠነ ሰው የሚሰጥ ድጋፍ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ልዩ ሕክምና። መጠለያ ውስጥ የሠራ አንድ ተመራቂ «መጀመሪያ ሳምንት የሠራሁት ብርድ ልብስ ማከፋፈል ነው፤ ተናድጄ ነበር» ይላል። አሁን አይናደድም። ሴቶቹ ሊያነጋግሩት የመጡት ብርድ ልብሱን ሲሰጥ ስላዩት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከአውሮፕላን የወረዱት ሴቶች ሁሉ ሕክምና የሚያሻቸው አልነበሩም። የሚያሻትን ከማያሻት የሚለይ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር።

የመደቡ ስም ማን ነው?

ተመርቆ የወጣው ሰው የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት ቤት፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የመሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ክፍል፣ ሆስፒታል፣ የግል የማማከር ቢሮ። ከማታ ተማሪው ብዙው ሥራ ያለው ነው፤ ዲግሪውን የሚፈልገው ለእድገት ነው። በሦስቱ ወንበር የተለማመደው ባንከኛ ሰው ኃይል ክፍል የመግባት ሐሳብ አለው፤ የትዳር አማካሪ የመሆን ሕልም የለውም። ይህ ነውር አይደለም። ችግሩ አንድ ክፍል ውስጥ ቢሮ ሊከፍት የመጣውና ለደመወዝ እርከን የመጣው አንድ ዓይነት ትምህርት መውሰዳቸው ነው፤ ለአንደኛው ልምምዱ ያንሰዋል፣ ለሌላው ይበዛበታል። የግል ቢሮ የከፈቱት ደግሞ ስለ ፈቃድ ሲጠየቁ ከእያንዳንዳቸው የተለያየ ታሪክ ይሰማል።

ውጭ አገር ሄዶ ልሥራበት ያለ ሰው ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። አሜሪካ ውስጥ «ሳይኮሎጂስት» የሚለውን ማዕረግ በአብዛኛው ያለ ዶክትሬት መያዝ አይቻልም፤ ማስተርስ የያዘ ሰው የካውንስለር ፈቃድ ነው የሚያወጣው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ከዲግሪው በኋላ በሱፐርቫይዘር ሥር 3,400 ሰዓት መሥራት ግድ ነው፤ 2,000ው ባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት። እስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሕግ የሚመራ የሳይኮሎጂስቶች መዝገብ አላት፤ ከማስተርሱ በኋላ የዓመታት ልምምድና ፈተና አለ። በሁለቱም አገር የልምምድ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህ ማስረጃ የሌለው የእኛ ተመራቂ እዚያ ሲደርስ ከሥር ይጀምራል።

ጡረታ የቀረባቸው አስተማሪ አንድ ሐሳብ አላቸው፤ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ተማሪ 384 መጠይቅ ከመበተን አንድ ባለጉዳይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ፣ ድምፁን፣ የሱፐርቪዥን ማስታወሻውን፣ የሳተውን ሁሉ ጽፎ ይመረቅበት። ባልደረቦቻቸው «ያ ምርምር አይደለም» ይላሉ። ነገሩ ለዲፓርትመንት ስብሰባ ቀርቦ በአጀንዳነት ተይዟል።

እስከዚያው ድረስ ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ከክፍያው በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ስንት ሰዓት ባለጉዳይ ፊት እንደሚቀመጥ፣ ሲቀመጥ የሚያየው ማን እንደሆነ። ሬጅስትራር አያውቀውም። ዲፓርትመንቱ «ፕራክቲከም አለ» ይላል። ትክክለኛውን መልስ የሚነግሩት ዘንድሮ የሚመረቁት ናቸው፤ በዚህ ሰሞን ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈው፣ ተሲስ እያስጠረዙ ይገኛሉ።